ከጣሪያችን የወረደው

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ዛሬ የራሴን ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሰማሁ።

ናዲያ በቢሮአችን ስብሰባ መድረኩ ላይ ቆማ፣ "ሳይሰበር የተቀመጠ የአስቤስቶስ ጣሪያ አይጎዳችሁም። ሲሰበር፣ ሲጋዝ፣ ሲበሳ ግን ዓይን የማያየው ብናኝ ይለቃል። ሳንባ የገባ ብናኝ አይወጣም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው" አለች። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ከፀጉር የቀጠነ" የሚል ነበረበት። አወጣሁት፣ መለስኩት፣ እንደገና አወጣሁት። አንድ ሐረግ ለማስወጣት ግማሽ ቀን የፈጀሁት እኔ ነኝ። አዳራሹን የሞሉት የቤት ባለቤቶች ግን ደብተር አውጥተው የሚጽፉት እሷን እያዩ ነው።

የጣሪያ ማውረጃ መመሪያው ታትሟል። አሥራ ስምንት ገጽ። ሽፋኑ ላይ "አዘጋጅ፦ ናዲያ ሙዘይን" ይላል። ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። የጀርባ ሽፋኑንም አየሁ። የኔ ስም የለም።

የሶዶን አሮጌ ሰፈሮች ሦስት ወር በእግሬ ዞሬአለሁ። አንድ በአንድ እያንኳኳሁ አስቤስቶስ የለበሰ ሰባ አንድ ቤት መዝግቤአለሁ። ውሻ ነክሶኝ መርፌ ተወግቻለሁ። እሷ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው በግንቦት ነው፤ ያን ጊዜ እኔ ስልሳ ሦስተኛው ቤት ላይ ነበርኩ።

በዝርዝሩ ላይ ቁጥር አንድ የኛ ቤት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ጊዜ ከፈረሰ ካምፕ ገዝቶ ያለበሰው ጣሪያ ነው። ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ክዳን ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ የሚወርደውን ነጭ ዱቄት ጠዋት ጠዋት ከብርድ ልብሷ ላይ በእርጥብ ጨርቅ አነሳለሁ። አልጋዋን ሳሎን አወጣሁት። መልሳ አስገባችው፤ "ከአባትሽ ጋር የኖርኩበት ክፍል ነው" ብላ። የወላይታው አዲስ ዓመት ጊፋታ ከመግባቱ በፊት ያ ጣሪያ ያለ አንዳች ብናኝ መውረድ አለበት። ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። የስም ነገር እንኳ።

የስም ነገር እንኳ ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ኃላፊያችን አቶ መልአኩ ዘንድ ገባሁ።

"ሽፋኑ ላይ ስሜ የለም።"

"የቢሮ ሥራ ነው። የቢሮ ሥራ የግለሰብ አይደለም።"

"ታዲያ የናዲያ ስም እዚያ ምን ይሠራል?"

"እሷ አስተባባሪ ናት። አንቺ ኮንትራት ነሽ። በመስከረም ያልቃል፤ ታውቂዋለሽ አይደል?" ፈገግ አሉ። "ጎበዝ ልጅ ነሽ እኮ። ቀስ በይ።"

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። በኃይል መዝጋት ነበረብኝ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ያሬድ ናዲያን በሞተር ጭኖ በአደባባዩ ሲያልፍ አየሁ። ያሬድ የቢሮአችን መሐንዲስ ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ ቤት ስመዘግብ መሰላል ተሸክሞ ይከተለኝ የነበረው እሱ ነው። ማንን ቢጭን የኔ ጉዳይ አይደለም። ሞተሩ የመንግሥት ነው። እሑድ ደግሞ ምን የመንግሥት ሥራ አለ?

ሌላም ነገር። ናዲያ የምታውቀው ወላይትኛ ሦስት ቃል ነው። ገበያ ገብታ "ሳሮ!" ስትል ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ይጨምሩላታል፤ በርበሬ ይመርቁላታል። እኔ በተወለድኩበት ቋንቋ ሙሉ ሰላምታ ስሰጥ "ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጪን ነው?" ይሉኛል።

ቦይናውን አነጻጸርኩ። የሷ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያነጻጽር ሰው ሆኛለሁ።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

በቢሮው የሠለጠነ ቡድን የሚወርዱት የመጀመሪያዎቹ አሥር ጣሪያዎች ተለጠፉ። የኛ የለበትም።

እናቴ ከጎረቤት ሰምታ ጠየቀችኝ። "አንቺ እዚያው ትሠሪ የለ? እንዴት ነው የኛ የቀረው?"

"ይበድሉናል እማዬ። ልማዳቸው ነው።"

ማመልከቻ የሚሰጠው የቤቱ ባለቤት ነው። የሚሰጠውም ለናዲያ ነው። እናቴ አላመለከተችም፤ ምክንያቱም ጊዜው ሳያልፍ አልነገርኳትም። እኔ የጻፍኩትን ቅጽ ሞልቼ፣ እኔ ባወጣሁት ዝርዝር መሠረት፣ እሷን ልለምን? አይሆንም።

ነሐሴ 3፣ ዓርብ

ናዲያ ቤታችን መጣች። ድምፅዋን ከበር ስሰማ ጓዳ ገባሁ።

እናቴ ቆጮና ዳጣ አቀረበችላት። ዳጣው አቃጠላት መሰለኝ፤ እያስነጠሳት ትስቃለች፤ እናቴም ትስቃለች። እናቴ እንዲህ ስትስቅ ከሰማሁ አባቴ ከሞተ ወዲህ አላስታውስም። ጓዳ ውስጥ የሽንኩርት ከረጢት ላይ ተቀምጬ የሳቁን ርዝመት ስቆጥር ነበር።

"ማርያማዊት የለችም?" አለች።

"ጓዳ ነች" አለች እናቴ። እናቴ መዋሸት አትችልም።

"እንግዲህ ይህን ስጫት" ብላ ሄደች። የማመልከቻ ቅጽ ነው። በእርሳስ "ሁለተኛው ዙር ላይ ቦታ አለ" ብላ ጽፋበታለች። የእጅ ጽሕፈቷም ቆንጆ ነው። ቅጹን አጣጥፌ ከመሳቢያው ሥር ከተትኩት።

"ጊፋታ ሳይገባ የተኳረፈ ይታረቃል" አለች እናቴ ሳህኑን እያነሳች፣ ወደ ማንም ሳታይ።

"አልተኳረፍንም። ሌብነት ኩርፊያ አይባልም።"

ነሐሴ 13፣ ሰኞ

ዛሬ የናዲያ ቡድን የመጀመሪያውን ጣሪያ አወረደ። ከጎረቤት አጥር ኋላ ቆሜ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አየሁ። ስህተት እየፈለግሁ ነበር፤ እዚህ እንኳ ልመነው።

ግቢውን በገመድ ከለሉ። ቤተሰቡን አስወጡ፤ ዕቃውን ሸፈኑ። ስምንት ሰው፤ ሁሉም አፍና አፍንጫ ላይ ግጥም የሚል ማስክ፣ ሙሉ ቱታ። በሰብል መርጫ ፓምፕ ክዳኑን አርከፈከፉት፤ ውኃው በኃይል ሳይሆን እንደ ካፊያ። መዶሻ የሚባል አልተነሳም። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈቱ፤ የዛገውን በፒንሳ ቆረጡ። አንዱንም ክዳን አልወረወሩም፤ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ሕፃን አቀባበሉት። መሬት ላይ በሁለት ድርብ ፕላስቲክ ጠቀለሉ፣ አሸጉ፣ "አደገኛ፣ አይከፈት" የሚል ለጠፉ። ሸራ የለበሰ መኪና ጭኖ ቢሮው ወዳዘጋጀው የመቅበሪያ ጉድጓድ ሄደ። ጉድጓዱ ዘበኛ አለው፤ የፈቃድ ወረቀት ያልያዘ አይገባም። ይህም ወረቀት ላይ ያለው የኔ ሐሳብ ነው።

ስህተት አላገኘሁም። አንድም።

ያሬድ መሰላሉን ይዞላት ነበር። በሁለት እጁ። ለኔ በአንድ እጁ ይይዝ ነበር፤ በሌላው ስልኩን ያያል።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ወስኛለሁ። የኛን ጣሪያ እኔ አወርደዋለሁ። የናዲያ ሁለተኛ ቤት ሳይጀመር፣ ከአዲስ ዓመት በፊት፣ በሷ መንገድ ሳይሆን በኛ፤ በደቦ። ቆርቆሮው ከአምና ጀምሮ ማድ ቤት ተደግፎ ተቀምጧል። የሰፈራችን ደቦ የሚጠራው በጋሽ ጦና ነው። ነገርኳቸው።

"ቤት ከድነናል፤ ጎተራ ከድነናል። ክዳን ማውረድ ምን ትምህርት ይፈልጋል?" አሉ።

"ይፈልጋል ጋሼ። አሥራ ሁለት ሰው ብቻ። እኔ አሠለጥናለሁ።"

"አሥራ ሁለት? ደቦ ተቆጥሮ ይጠራል እንዴ?"

አሥራ ሁለት ማስክ አለኝ። ፓምፕ ተውሻለሁ። ፕላስቲክ ገዝቻለሁ። ሁሉም እንደ መመሪያው ነው።

ፈቃድ። ፈቃዱን የምትፈርመው እሷ ናት። ሥራው ንጹሕ ከሆነ ፊርማ ምን ይጨምራል? "ያለ ፈቃድ ማንም እንዳያወርድ" የሚለውን ስጽፍ ስለ ማያውቁ ሰዎች ነበር የጻፍኩት። እኔ አውቃለሁ።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

በጣም ደክሞኛል። አጭር።

አሥራ ሁለት ጠራሁ፤ ሠላሳ መጡ። ደቦ የመጣን ሰው ከበር መመለስ ነውር ነው፤ አልመለስኩም። ማስክ ያልደረሳቸው በነጠላና በሻርፕ ተሸፈኑ። ጨርቅ ብናኝ እንደማያቆም ገጽ አራት ላይ አለ።

ጋሽ ጦና፦ "ይቺ ልጅ ሁላችንንም ሙሽራ አደረገችን! ተከናነብን፤ ወሳጃችን የት አለ?" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም።

አረጠብን። ብሎን ፈታን። ከሰዓት በኋላ ደመና ሲመጣ ሰው ቸኮለ። አንዱ መዶሻ አነሳ። ጮህኩ። ሦስት ክዳን ተሰበረ፤ አንዱ የእናቴ አልጋ ላይ ያለው። ስብርባሪውን አርጥቤ በእጄ ለቀምኩ። አርባ ስድስት ክዳን፤ ሁሉም ተጠቅልሎ ከእንሰቱ ኋላ ተደርድሯል።

ማታ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲመታ እናቴ "እንዴት ይጮኻል!" አለች። ደስ ብሏት ነው።

ጳጉሜን 4፣ ሰኞ

ሁለት ሴቶች የእናቴን ስም እየጠሩ በአጥራችን አጠገብ ሲያልፉ ሰማሁ፤ "ያቺ የአዲስ አበባ ልጅ አውርዳ እስክትከድን ሦስት ቀን የፈጀባትን የአገርነሽ ልጅ በአንድ ቀን ጨረሰችው።"

የአገርነሽ ልጅ በአንድ ቀን ጨረሰችው።

ጣሪያችን ከገበያው ድረስ ያበራል። ናዲያ በዚህ መንገድ ካለፈች ማየቷ አይቀርም። ያሬድም። ዛሬ በዚህ በኩል አላለፉም። አራት ጊዜ ወጥቼ አየሁ።

እናቴ "ያ ከኋላ ያለው መቼ ነው የሚሄደው?" ትላለች። ጉድጓዱ ፈቃድ ይፈልጋል። እስከዚያ ምንም አይሆንም፤ ሳይሰበር ከተቀመጠ አይጎዳም አልኳት። አንድ ዘዴ እፈልጋለሁ።

መስከረም 3፣ ዓርብ

ከቢሮ ስመለስ ከእንሰቱ ኋላ ያለው ክምር አንሷል። ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት።

"እማዬ! ሃያው የት ሄደ?"

"አጎትሽ ዳልጮ እንኳን አደረሳችሁ ሊል ከቦምቤ መጥቶ ነበር። የልጁን ማድ ቤት ሊከድን ነው። ጊፋታ ደርሶ ወንድሜን ባዶ እጁን ልመልስ? በጋሪ ጫነው።"

"አደገኛ ነው ብዬሻለሁ እኮ!"

"ሳይሰበር ከተቀመጠ አይጎዳም አላልሽኝም? እሱ አይሰብረውም፤ ይከድንበታል እንጂ።" ከዚያ ፊቴን አይታ ድምፅዋ ወረደ። "አንቺ ደግሞ የትም አልወሰድሽውም። ትተሽው መስሎኝ።"

ፕላስቲኩስ አልኳት። በእጇ አሳየችኝ። አጎቴ ክዳኑ እንዳይንሸራተትበት ገፍፎ ጥሎታል። እሷ አጥባ ዘርግታዋለች። በቆሎ አስጥታበታለች።

በቆሎውን በሙሉ በእርጥብ ማዳበሪያ አስሬ አነሳሁት። እናቴ ቆማ እጆቿን ታያለች።

መስከረም 4፣ ቅዳሜ

ቦምቤ። ከመንገዱ ስወርድ ገና የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ።

አጎቴ ክዳኑን በሁለት ጉቶ መሀል አጋድሞ ይቆርጣል። ደረቅ። ክንዱ እስከ ክርኑ ነጭ ነው፤ ቅንድቡ ነጭ ነው። የልጁ ሚስት ሜሪ ሕፃኗን አዝላ ከሥሩ በመጥረጊያ ትጠርጋለች። በፀሐዩ ውስጥ አየሩ ያበራ ነበር።

"ሳሮ! ነይ የእህቴ ልጅ!" አለኝ። "እይ፤ ሙቀት አያስገባ፣ ዝናብ አያስገባ! አባትሽ ዕቃ ያውቅ ነበር።"

"አጎቴ፣ መጋዙን አስቀምጥ። አሁን።"

"ምን ሆነሽ?"

"አስቀምጥ አልኩ! ሜሪ፣ መጥረጊያውን ጣይ፤ ሕፃኑን ይዘሽ ከዚህ ራቂ!"

የደነገጠችው በኔ ጩኸት ነው እንጂ በዱቄቱ አይደለም። አስረዳሁ። ያን ሁሉ ገጽ በወላይትኛ አስረዳሁ። አጎቴ ሰማኝና፣ "እንዲህ ክፉ ከሆነ እናንተ ሠላሳ ዓመት ከሥሩ እንዴት ኖራችሁ?" አለ። "ደግሞ የእህቴን ስጦታ ከጣሪያ ላይ ላወርድ? ሰው ምን ይላል? አገርነሽ የሰጠችውን ነጠቀችው አይልም?" አሥራ አራቱን አልብሶታል። ስድስቱ መሬት ላይ ነው፤ ሁለቱ ተቆርጧል።

ዱቄቱን ውኃ እያርከፈከፍኩ በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፈንኩት። ሜሪን ልብሷን ውጭ አስወልቄ አሳጠብኳት፤ ሕፃኑንም። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። የሠለጠነ ቡድን የለኝም። መኪና የለኝም። ጉድጓድ የለኝም።

ወደ ሶዶ ስመለስ መኪናው ውስጥ ሌላ መንገድ ሁሉ አሰብኩ። አቶ መልአኩ ይደብቁታል። ጋሽ ጦና በደቦ ይመጣሉ፤ ሠላሳ ሰው ይዘው። ወንዝ ውስጥ፣ ገደል ውስጥ። ሁሉንም አሰብኩ። ዝርዝሩ ውስጥ እሷን ያስገባኋት መጨረሻ ላይ ነው።

መስከረም 5፣ እሑድ

ናዲያ በተከራየችው ግቢ የሥራ ጫማዋን ስታጥብ አገኘኋት። ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደቦውን፣ ፈቃዱን፣ ጋሪውን፣ መጋዙን።

እኔ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ለምን?" ይሆን ነበር። እሷ ያለችው "መጋዙ አጠገብ ስንት ሰው ነበር?" ነው። ለዚህም ጠላኋት።

"ሦስት። አንዱ ሕፃን።"

"ሐሙስ ቡድኑ ነፃ ነው። ይዤው እሄዳለሁ።" እጇን በቀሚሷ አደረቀች። "ግን ያለ ፈቃድ የወረደ ብዬ መመዝገብ አለብኝ። ቅጣት አለው። የትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ ታውቂያለሽ፤ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።"

"ምን አልሽ?"

"ቅጹን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አልኩ።"

"ታውቂ ነበር?"

ጫማውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠችው። "ከመታተሙ በፊት ሽፋኑን አይቼዋለሁ። ያንቺ ስም ከላይ፣ የኔ ከሥር ነበር። አቶ መልአኩ ያንቺን በእስክሪብቶ ሰረዙት፤ እኔ ፊት። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ወሬ ነበር፤ ማንንም አላውቅም። ዝም አልኩ። ከዚያ ልነግርሽ ቤታችሁ ሁለት ጊዜ መጣሁ።"

"አንድ ጊዜ።"

"ሁለት ጊዜ ነው ማርያማዊት። ሁለተኛውን በሩን አልከፈትሽም።"

እውነቷን ነው። ነሐሴ 20 ነው። እዚህ አልጻፍኩትም።

መበደሌ እውነት ሆኖ ስለተገኘ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ግን እሷ ዝም አለች፤ አንድ ስም ጠፋ። እኔ ዝም አልኩ፤ ሜሪ ጠረገች። ሚዛኑን ደጋግሜ አየሁት። ወደኔ በኩል ያዘነብላል። ይህንንም አልወደድኩትም።

"ይቅርታሽን አልጠየቅሁም" አልኳት ስወጣ። "መኪናውን ነው የጠየቅሁት።"

"መኪናው ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሳል" አለች።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

ተጠናቀቀ። መጀመሪያ ከኛ ግቢ ሃያ ስድስቱን በአዲስ ድርብ ፕላስቲክ ጭነን፣ ከዚያ ቦምቤ።

መኪናውን የነዳው ያሬድ ነው። ክዳን ስንቀባበል በማስኩ ውስጥ፣ "ስልክሽ ይሠራል?" አለኝ።

"ይሠራል።"

"ጥሩ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር።"

አጎቴ ደጁ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ፣ አላስነካም ብሎ ነበር። ናዲያ "ሳሮ" ብላ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። አልተከራከረችም። ስለ ሕፃኑ ስም ጠየቀችው፤ ስለ እንሰቱ ጠየቀችው፤ እኔ እንዳስተረጉም ምልክት ሰጠችኝ። ልቀጥል ስል አጎቴ እጁን አነሳ። "የእህቴ ልጅ ትጮኻለች፤ ይቺ ትጠይቃለች" አለ። ተረጎምኩላት። የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ።

በመጨረሻ የታረቀው በእናቴ ነው። አብራን መጥታ ነበር። "ወንድሜ፣ የሰጠሁህ መጥፎ ነው፤ ሳላውቅ ነው። ለውጠኝ" አለችው። የተረፈንን ቆርቆሮ ጭና መጥታለች። ስጦታ በስጦታ ሲለወጥ ነውር የለውም። ይህን እኔም ማሰብ ነበረብኝ፤ የኛው ባህል ነው።

አሥራ አራቱ በሙሉ ወረዱ። አፈሩን አንድ ጣት ያህል ልጠን አነሳን። መጋዙን፣ መጥረጊያውን፣ የሜሪን ነጠላ አብረን ጠቀለልን። አርባ ስድስቱም ጉድጓድ ገቡ፤ ዘበኛው ቆጥሮ ፈረመ። ሜሪ የተነፈሰችውን ግን መጠቅለል አልቻልንም። "አሁን ያልፋል አይደል?" ብላኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ወስጄ ስሟንና የሕፃኑን ስም አስመዘገብኩ፤ በየዓመቱ እንዲታዩ። 

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ከጊፋታ በፊት የመጨረሻው የቤት ባለቤቶች ስብሰባ ነበር። ከመግባቴ በፊት አቶ መልአኩ በኮሪደሩ ያዙኝ።

"ስለ ቦምቤ አይነሳም። ለፕሮጀክቱ ጥሩ አይደለም። ያንቺም ኮንትራት ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።"

"እሺ" አልኳቸው። እሺ ማለቴ ሰምቻለሁ ማለቴ ነው።

ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ። ስሜን ተናገርኩ። "ያለ ፈቃድ ጣሪያዬን አወረድኩ። ሥራውን አውቃለሁ ብዬ ነው። ሥራውን አውቃለሁም። ግን የወረደውን የምቀብርበት ቦታ አልነበረኝም፤ ስለዚህ እናቴ ለወንድሟ ሰጠችው። እናንተም ትሰጣላችሁ። ደህና ክዳን ማን ይጥላል? ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከጣሪያው የወረደው ወደ ዘመድ ቤት እንዳይሄድ።" ከዚያ ቦምቤን ነገርኳቸው፤ ሕፃኑን ጭምር። አቶ መልአኩ ሰዓታቸውን ያያሉ።

"ካሁን በፊት አውርዶ ለዘመድ የሰጠ አለ?" አልኩ። እንደማይመልሱ እርግጠኛ ነበርኩ። ከኋላ አንዲት እናት ተነሱ። "ቤሌ ላለችው እህቴ፤ ስድስት።" ከዚያ አንድ ሰው፣ "ቢጠና ያለው አማቴ ጎተራ ከድኖበታል።" ከዚያ ጋሽ ጦና ራሳቸው፣ "እኔስ አምና የዶሮ ቤት ሠርቼበት የለም እንዴ?" ሳቅ ሆነ፤ እጆች ተነሱ። አሥራ አንድ ጻፍኩ። በሰባ አንዱ ዝርዝሬ ውስጥ እነዚህ አልነበሩም። ሦስት ወር ወደ ላይ እያየሁ ስዞር፣ ወርዶ የሄደውን አልጠየቅሁም።

ያን ጊዜ ናዲያ ተነሳች። "አንድ ነገር ላርም" አለች። "በእጃችሁ ያለውን መመሪያ የጻፈችው ማርያማዊት ናት። እኔ አይደለሁም። ስሟ ሲወጣ አይቼ ዝም አልኩ።" አቶ መልአኩን አላየችም። እኔንም አላየችም። ሕዝቡን ነው ያየችው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ረጅም ጭብጨባ። ሴቶቹ እልል አሉ። ለኔ መስሎኝ ቀና ብዬ ነበር፤ ሁሉም የሚያዩት እሷን ነው። እውነት ስለተናገረች። ለሦስት ወር ሥራዬ ማንም አላጨበጨበም፤ ለሷ አንድ ዓረፍተ ነገር በቃት። መበደልን እንኳ ከኔ አሳምራ ተናዘዘች።

ጋሽ ጦና በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። "አጨብጭቢ እንጂ! ስላንቺ ነው እኮ!"

አጨበጨብኩ። ከሁሉም ኋላ ጀምሬ ከሁሉም ፊት አቆምኩ።

ኮንትራቴ የሚያልቀው ዓርብ ነው። እስከ ዓርብ የቢሮው ሠራተኛ ነኝ። ነገ ጠዋት ወደ ቤሌ እንሄዳለን፤ ስድስቱን ለማውረድ፤ በፈቃድ። ናዲያ ፈርማለች። መኪናውን የሚነዳው ያሬድ ነው። ጋቢናው ከሾፌሩ ሌላ የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ከኋላ ከፕላስቲኩ ጋር ይቀመጣል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተብሏል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ እደርሳለሁ።